ግማሽ ላይ የቆመ ቀስት

«ደህና ነኝ ልጄ። እኔ ምን እሆናለሁ? እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ።»

እናቴ በስልክ የምትመልሰው ሁልጊዜ ይህንኑ ነው። ክረምትም ይሁን በጋ፣ ጉንፋን ይያዛትም ወገቧን ይመማት፣ መልሷ አይለወጥም። በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ግን መካነ ሰላም ያለችው ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። «እሷ አትነግርህም እንጂ ከመቀመጫዋ ስትነሳ ያዞራታል። ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዛ ቆማ አይቻታለሁ። መጥተህ ደሴ እንውሰዳት» አለችኝ። በዓሉ እንዳለፈ ባለቤቴንና የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ተነሳሁ።

የሄድንባት መኪና ከአባቴ የወረስኳት ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ናፍጣ ነው የምትጠጣው፤ ዕድሜዋም ከልጄ ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል። በሯ ካልተገፋ አይዘጋም፣ ሞተሯ ግን ዛሬም ጠንካራ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ነዳጅ በቀዳ ቁጥር እርሳስ ያወጣና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር በጸሐይ መከላከያው ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር። እኔ የሽማግሌ ልማድ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋን ስረከብ ልማዱን አብሬ አልተረከብኩም።

አዲስ አበባ ላይ ሳልባትዮውን አስሞላሁ። 65 ሊትር ያህል ይይዛል። የነዳጅ ጌጁ ቀስት ቀስ እያለ እስከ ላይኛው ጫፍ ወጣ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ትንሽ ወርዷል። በጣርማ በር ዋሻ አልፈን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ብርድ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ስንወርድ ቀስቱ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ነበር። አጣዬ ላይ እዚያው ነው። ከሚሴ ላይም እዚያው ነው።

ልጄ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ «አባዬ፣ ይሄ ቀስት ለምንድነው የማይንቀሳቀሰው?» አለችኝ።

«ቁልቁለት ስለወረድን ነው። መኪና ቁልቁለት ላይ ነዳጅ አይበላም» አልኳት፣ እንደሚያውቅ ሰው።

«ቁልቁለቱ ካለቀ እኮ ቆየ» አለች። ባለቤቴ ሳቀች። እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።

ኮምቦልቻን አልፈን፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባንና አደርን። በማግስቱ ጠዋት ማደያው ደጃፍ ላይ የመኪናው ሰልፍ ተጠማዝዞ አስፋልት ደርሷል። እኔ ቸኩያለሁ፤ እናቴ ምሳ ሳትበላ እንደምትጠብቀን አውቃለሁ። በልቤ ሂሳብ ሠራሁ። ግማሽ ማለት 33 ሊትር ነው። ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር ቢያስኬደኝ 23 ሊትር ይበቃኛል፤ የተረፈው መጠባበቂያ ይሆነኛል። እዚያ ስደርስ እሞላለሁ አልኩ።

ሂሳቡ ስህተት አልነበረበትም። ስህተቱ የተነሳሁበት ቁጥር ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናዬ በደህና መንገድ በሊትር አስር ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ስለዚህ 40 ሊትር በልታለች፣ የቀረው 25 ነበር። ይህን ለማወቅ ጌጅ አያስፈልግም። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። እኔ ግን ቀስቱን አየሁና ማሰብ ተውኩ።

ወደ ደጋው

ከደሴ ወደ ምዕራብ ወሎ ደጋ ሄዶ የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ቀን ሊሄድ ይገባዋል እላለሁ። መንገዱ ከከተማው እንደወጣ ሽቅብ ይይዛል። ጉጉፍቱ ላይ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ የጉጉፍቱ ብርድ በወሎ መተረቻ ነው። ጥር ስለነበር ገብሱ ታጭዷል፤ በየአውድማው ጭዱ ተከምሯል፤ ጠዋት የጣለው ውርጭ ጥላ በያዘው ቦታ ሁሉ ገና ነጭ ነበር። እረኞቹ ልጆች ከአናት እስከ ጉልበት ብርድ ልብስ ተከናንበው በጎቻቸውን ይነዳሉ። በዚህ አገር ሰው የበልግን ዝናብ እንደ ዘመድ ይጠብቃል። በልግ ከቀረ የዓመቱ ቀለብ ይጎድላል።

ዛፍ ጥቂት ነው። ከየቤቱ ጎን ግን በሥርዓት የተደረደረ የኩበት ክምር ይታያል። ባለቤቴ አንዱን አይታ «የዚህ ቤት እመቤት እስከ ፋሲካ ማገዶ እንዳላት ከሩቅ ይታወቃል» አለች። እውነቷን ነው። በዚህ ብርድ ማገዶ የሚለካው በዓይን ነው፤ ቀስት የለውም፣ ስለዚህም አያታልልም።

ደጋው የታሪክ አገርም ነው። ከመንገዳችን በስተሰሜን መቅደላ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ተራራ እያስቆረጡ፣ መንገድ እያስጠረጉ ያስጎተቱት ወደዚያች አምባ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈውም እዚያው ነው። ያንን መድፍ ዳገት ያስወጣው ነዳጅ የሰው ትከሻ ነበር። ዛሬ በአምባዋ ስም የተሰየመው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ተማሪዎችን ያስተምራል። ወደ ቦረናና ሳይንት ሲዘለቅ ደግሞ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ እሱ ነው። ቦረና ስል ብዙ ሰው ደቡብ ያለው ቦረና ይመስለዋል፤ ይኼኛው የወሎው ቦረና ነው፣ ዋና ከተማውም መካነ ሰላም። ከዚያ በኋላ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን የተሻገረ መርጡለ ማርያም፣ ጎጃም ይገባል።

አቀስታ ደርሰን ሻይ ጠጣን። ከመነሳታችን በፊት ቀስቱን አየሁት። ከግማሽ ጥቂት ከፍ ብሏል። ያን ሁሉ ዳገት ወጥተን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን፣ አንድ ጸጉር እንኳ አልወረደም። ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር እያየ አያይም። «ተመስገን» ብዬ ማርሽ አስገባሁ።

ጋን እንደመቆርቆር

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ መካነ ሰላም ለመድረስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረን፣ አንዲት ዳገት መሃል መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨች፤ ከዚያ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ዝም አለች። የእጅ ፍሬን ይዤ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፍኩ። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ነዳጅ ያልቃል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ አልነበረም፤ ግማሽ አለኛ! ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆናል አልኩ።

ጋቢ የተከናነቡ አዛውንት ከጎረቤት ማሳ ብቅ አሉ። ሰላምታው እንደ አገሩ ረዘም ያለ ነበር፤ ከየት እንደመጣን፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የእናቴን ሰፈር ስነግራቸው አወቁት። ከዚያ ወደ መኪናዋ ጎን ጎንበስ ብለው ሳልባትዮውን በጣታቸው አንጓ መቆርቆር ጀመሩ። ከላይ ጀምረው ወደ ታች፣ ቀስ እያሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።

«ስማ» አሉኝ። «ከላይ እስከ ታች ድምፁ ክፍት ነው። ናፍጣ ያለበት ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ይኼ ባዶ ጋን ነው።»

«አባባ፣ ጌጁ እኮ ግማሽ ይላል» አልኳቸው።

«ጌጁ ይበል። እኔ በወጣትነቴ በአሰብ መንገድ በኤን ትሬ ላይ ረዳት ነበርኩ። የሾፌራችን ጌጅ ሸምበቆ ነበር። ሳልባትዮው ውስጥ ይከትታትና አውጥቶ እርጥቧን በጣቱ ይለካል። ጌጅ አይቶ በረሃ የገባ ብዙ አይቻለሁ።» ከዚያ ፊቴን አይተው ለስለስ አሉ። «አብሽር ልጄ። የጎደለው ናፍጣ ነው እንጂ ሰው አልጎደለም። ልጅቷ በርዷታል፣ ቤት ግቡ።»

ቤታቸው ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። እሳቱ ዳር ተቀመጥን፤ ቡና ተቆላ፣ የገብስ ቆሎ ቀረበ። ልጄ እጇን እያሞቀች በዝምታ ታየኛለች። «ብዬህ ነበር» አላለችም። ባትል ይሻላል ብላ ይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን ብትለው ይቀለኝ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። «የት ደረሳችሁ?»

«ደህና ነን እማዬ። ጎማ ነው፣ ትንሽ ነው። አሁን እንደርሳለን» አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ በዝግታ «አንተም የእናትህ ልጅ ነህ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለእህቴ ባል ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ከጎረቤቱ ወፍጮ ቤት አስር ሊትር ናፍጣ ተበድሮ፣ ጀሪካኑን ሞተር ብስክሌት ላይ አስሮ መጣ። በናፍጣ መኪና ደግሞ ነዳጅ መጨመር ብቻ አይበቃም። ሲያልቅ ቱቦው ውስጥ አየር ይገባል። አዛውንቱ የእጅ ባትሪ ይዘው ከጎኔ ቆመው አስተማሩኝ፤ ፊልትሮው ላይ ያለችውን በእጅ የምትጨቆን ፓምፕ እስክትጠነክር ድረስ ተጫንኳት፣ አየሩ የሚወጣበትን ቦሎን ላላ አድርጌ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲመጣ አጠበቅሁት። ሦስተኛ ሙከራ ላይ ሞተሩ ተነሳ። አዛውንቱ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። «ስትመለስ እናትህን አሳየኝ» አሉኝ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መካነ ሰላም ገባን። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ደጅ ቆማ ነበር። «ምን ሆናችሁ?» አለች። «ምንም፣ ደህና ነን» ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ደህና የሆነ ሰው በዚህ ሰዓት እጁ ናፍጣ እየሸተተ አይገባም» አለችና እጄን እንድታጠብ ውኃ አመጣች። ስትጎነበስ ግን የበሩን መቃን ይዛ እንደቆመች አየሁ።

በእርሳስ የተጻፈው

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ወደ ማደያ ስወስዳት ጸሐይዋ ፊት ለፊት ወጋችኝና የጸሐይ መከላከያውን አወረድኩት። የአባቴ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፤ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር። ከሥሩ ደግሞ በእሱ ድቡልቡል ፊደል፣ «ጌጁ ግማሽ ላይ ይይዛል» የሚል ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ከዓይኔ በላይ ተሰቅሎ ነበር። አባቴ ያውቅ ነበር፤ አንድ ቀን «ምን ትጽፋለህ?» ብዬ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር።

50 ሊትር ቀዳሁ። ልጄ የትምህርት ቤት ደብተሯን አውጥታ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ከአያቷ እንደተማረች ያህል ጻፈች። እናቴን ጋቢና አስቀመጥን። «ለምን ታደክሙኛላችሁ፣ ደህና ነኝ እኮ» እያለች ነበር የተሳፈረችው። ከአዛውንቱ ቤት ስንደርስ አስወርደን ተሳለሙ፤ ሁለቱም የሚያውቋቸውን ሰዎች እየቆጠሩ ሲያወሩ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በዳገቱ ሁሉ ልጄ በየከተማው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እዚህ ድረስ ይህን ያህል ሊትር» ትላለች። እናቴ ጨዋታው ደስ አላት። «እኔ ድሮ ጎተራውን በጡጫ እየመታሁ ነበር የማውቀው» አለቻት።

ደሴ ሐኪም ቤት ስትለካ የደም ግፊቷ 180 በ110 ሆነ። ሐኪሙ መድኃኒት ጀመረላትና ተረጋግቶ አስረዳን። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ሰውየው ምንም ሳያመው ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል፤ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከታየ ዝም አይባልም፤ ማወቂያው መለካት ብቻ ነው። እኔ እናቴን ቆጣ ብዬ «ደህና ነኝ ስትይኝ ከርመሽ!» አልኳት።

«አልዋሸሁህም» አለችኝ። «አላመመኝማ። ያልተሰማኝን ምን ብዬ ልንገርህ?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ጋራዥ አስገባሁ። መካኒኩ የጌጁን መሣሪያ ከሳልባትዮው አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ነገሩ በጣም ቀላል ነው። ናፍጣው ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ኳስ መሳይ ነገር አለች፤ ከቀጭን የብረት ክንድ ጋር ተያይዛለች። ነዳጁ ሲጎድል ኳሷ ትወርዳለች፣ ክንዱ ይዞራል፣ ሌላው ጫፉ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሰሌዳ ላይ ይንሸራተታል። ቀስቱ የሚያሳየው የዚያን ሰሌዳ መልእክት ነው እንጂ ነዳጁን አይደለም። የእኛ ክንድ መጋጠሚያው ላይ ዝጎ ግማሽ ላይ ይያዝ ነበር። ቁልፍ ሲጠፋ ቀስቱ ይወድቃል፣ ሲከፈት እስከ ግማሽ ይነሳል፤ ስለዚህ በደንብ የሚሠራ ይመስላል። ቀስቱም እንደ እናቴ አልዋሸም። የደረሰውን ነው የነገረኝ። ጥፋቱ ሌላ ምንም ሳልጠይቅ በእሱ ብቻ ማመኔ ነው።

አሮጌ መኪና ላላችሁ

ሰው ያለ ጌጅ ብዙ ዘመን ነድቷል። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጅ መለኪያ አልነበረውም፤ ሾፌሩ ወንበሩን አንስቶ ሳልባትዮው ውስጥ እንጨት ይከት ነበር። ነዳጁ ወደ ሞተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለነበር፣ ሲያንስ ዳገት በፊት ለፊት አይወጣም፤ መኪናውን አዙረው በኋላ ማርሽ ያወጡት ነበር። አዲስ አበባ ላይ አሁንም የምናያት ቮልስም እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ጌጅ አልነበራትም። ሞተሯ መንገጫገጭ ሲጀምር ሾፌሩ አንዲት ማብሪያ በእግሩ ያዞራል፤ አምስት ሊትር ያህል መጠባበቂያ ይለቀቅለታል። እነዚያ ሰዎች የሚያምኑት ቀስት ስላልነበራቸው ያስቡ ነበር።

እኔ ከዚያ ጉዞ ወዲህ የምሠራው ይህን ነው። አንድ ቀን ሳልባትዮውን እስከ አፉ አስሞልታችሁ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፉ። ከተጓዛችሁ በኋላ እንደገና እስከ አፉ አስሞሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለተጨመረው ሊትር አካፍሉት። 240 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ 30 ሊትር ከገባ፣ መኪናችሁ በሊትር ስምንት ትሄዳለች። ለደጋ መንገድ፣ ለጭነትና ለማርሽ ዳገት ከዚያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ቀንሳችሁ አስሉ። ከሳልባትዮው ሥርም ቱቦው የማይደርስበት ጥቂት ሊትር አለና እሱን አትቁጠሩት። ግማሽ ሲደርስ እንዳለቀ ቁጠሩና ማደያ ባገኛችሁበት ቅዱ፤ በገጠር መንገድ የሚቀጥለው ማደያ ናፍጣ ላይኖረው ይችላል።

ቀስቱ ሕይወት እንዳለው ማወቂያም አለ። ጤነኛ ጌጅ ዳገትና ቁልቁለት ላይ፣ ኩርባ ላይም ጥቂት ይወዛወዛል፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላም በግልጽ ይወርዳል። ጭራሽ የማይነቃነቅ ቀስት መልካም ዜና አይደለም። ጋራዥ ስታስጠግኑ ባዶውን ሳልባትዮ አስር አስር ሊትር እያስጨመራችሁ ቀስቱ የቆመበትን ምልክት አድርጉበት፤ ሩብ የሚለው በእርግጥ ስንት ሊትር እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሸምበቆው ዘዴ አፉ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ለሚወርድ የጭነት መኪና ሳልባትዮ ይሠራል፤ በብዙ ፒክአፕና የቤት መኪና ላይ ግን መቅጃው ቱቦ ስለሚጠመዘዝ እንጨቱ ሥሩ አይደርስም። በጣት መቆርቆርም ለብረት ሳልባትዮ ነው።

ልጆች ለምትጭኑ ደግሞ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። በጀሪካን ነዳጅ ጋቢና ውስጥ ከሰው ጋር አትጫኑ። ነዳጅ በቱቦ በአፍ አትሳቡ፤ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው። ሳልባትዮ ውስጥ ለማየት ክብሪትም ሆነ ላይተር አትጫሩ። የቤንዚን መኪና ያላችሁም ብትሆኑ ሥሩ እስኪደርቅ አትንዱ፤ በብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ፓምፑ ሳልባትዮው ውስጥ ሆኖ የሚቀዘቅዘው በራሱ በቤንዚኑ ነው።

የእኛ ጌጅ ያን ዕለት ተጠርጎ ተገጠመ፤ ለጥቂት ወራት ሠራ፣ ከዚያ እንደገና ግማሽ ላይ መያዝ ጀመረ። አሁን ግን አያሳስበኝም። ከአባቴ ጽሑፍ ሥር የልጄ ቁጥሮች ተጨምረዋል። እህቴም የደም ግፊት መለኪያ ገዝታ ደብተር ከፍታለች። እሑድ እሑድ ስደውል እናቴ እንደ ልማዷ «ደህና ነኝ ልጄ፣ እኔ ምን እሆናለሁ?» ትለኛለች። እኔም «ተመስገን እማዬ» እላትና አስከትዬ፣ «ደብተሩ የያዘችውን ስጪኝ» እላለሁ።